ቀዷ በፍርድ ቤት ሚዛን ላይ፦ የዌምብሊው የሶላት ክልከላ ፍርድ ሲመረመር

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2024 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንዲት ሙስሊም ተማሪ በትምህርት ቤቷ ላይ የመሠረተችውን ክስ በዋናው ጭብጥ ውድቅ አደረገ። ተማሪዋ የጠየቀችው በምሳ ዕረፍት አምስት ደቂቃ ያህል ወስዳ ዙህርን እንድትሰግድ ነበር። ፍርዱን የሰጡት ዳኛ ሊንደን ሲሆኑ የፍርዱ ጽሑፍ ከ80 ገጽ በላይ ነው። ስለዚህ ፍርድ በመስጂድም ሆነ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሲነሳ የሚሰማው አስተያየት በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ወገን በእስልምና ላይ የተከፈተ ዘመቻ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ እንግሊዝ እንኳ ከከለከለች እኛ ምን እንጨምራለን ብሎ ለክልከላ ማስረጃ ያደርገዋል። ሁለቱም ወገኖች ፍርዱን ያነበቡት አይመስለንም። ላነበበው ግን ከዘመቻም ከማስረጃም ይልቅ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለበት፤ ዳኛው ክልከላው የሚያስከትለውን ጉዳት ሲመዝኑ ከራሳችን ፊቅህ የተወሰደ አንድ ቃል፣ ቀዷን፣ በሚዛኑ ላይ አስቀምጠዋል። በዚህ ጽሑፍ በዋናነት የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

አስቀድሞ የጉዳዩን ይዘት በአጭሩ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሚካኤላ የተባለው ይህ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በሰሜን ምዕራብ ለንደን፣ በዌምብሊ የተከፈተ፣ በመንግሥት በጀት የሚተዳደርና ከየትኛውም ሃይማኖት ጋር ያልተያያዘ ነው። ከ700 ገደማ ተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ሙስሊሞች ናቸው። በጥብቅ ሥርዓቱ ይታወቃል። ተማሪዎች በምግብ ምክንያት እንዳይለያዩ ምሳው ለሁሉም ሥጋ የሌለበት ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ጥቂት ተማሪዎች ኮታቸውን አንጥፈው በግቢው ሜዳ መስገድ ጀመሩ፤ ቁጥራቸውም ወደ 30 ደረሰ። ከዚያ በኋላ በመምህራን ላይ ዛቻ ተሰነዘረ፤ ቦንብ ተጠምዷል የሚል የሐሰት ማስፈራሪያም ደረሰ። አስተዳደሩም በግቢው ውስጥ መስገድን ከለከለ። ተማሪዋ ክልከላው የሃይማኖት ነጻነቷን የሚነካና አድልዎ ያለበት ነው ብላ ከሰሰች። ዳኛው ዋናውን አቤቱታ ሳይቀበሉ ቀርተው፣ ከትምህርት ገበታዋ ለጊዜው የታገደችበት አንድ ውሳኔ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ነበረበት በሚለው ነጥብ ብቻ ፈርደውላታል።

ፍርዱ ከቆመባቸው ምክንያቶች አንዱ የፈቃድ ጉዳይ ነው። ተማሪዋ ወደ ትምህርት ቤቱ የገባችው ሃይማኖታዊ መሠረት እንደሌለውና ደንቡ ጥብቅ እንደሆነ እያወቀች ነው፤ ካልተስማማት ወደ ሌላ መዛወር ትችላለች፤ ስለዚህ ነጻነቷ አልተነካም ይላል። ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በሉተን ከተማ የሚገኝ ትምህርት ቤት ጅልባብን በከለከለበት ጉዳይ ተመሳሳይ መንገድ ተከትሎ ነበር። ክርክሩ በለንደን ክብደት ሊኖረው ይችላል። በአንድ የወረዳ ከተማ ያለውን ብቸኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሚጠቀም ተማሪ ላይ ሲጫን ግን ትርጉም ያጣል። ምርጫ በሌለበት ቦታ ዝምታ እንደ ፈቃድ ሊቆጠር አይችልም። ፍርዱን ለአገራችን ክልከላ ድጋፍ አድርገው የሚጠቅሱ ሰዎች ይህን ልዩነት ሳያዩት ያልፋሉ።

ወደ ቀዷ እንመለስ። ዳኛው እንደ ሙፍቲ ፈትዋ አልሰጡም፤ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች የትኛው የሃይማኖት አቋም ትክክል ነው በሚለው ውስጥ ለመግባት አይደፍሩም። በቀረበላቸው ማስረጃ ላይ ተመሥርተው ያሉት፣ በጊዜው ያልተሰገደ ሶላት በኋላ በቀዷ ሊሟላ ስለሚችል የክልከላው ጉዳት በዚያው ልክ ይቀልላል ነው። ሐሳቡ ለውጭ ሰው ምክንያታዊ ይመስላል። ፊቅህን ለሚያውቅ ግን የተሰበረ ዕቃ መጠገን ስለሚችል መስበሩ አይከፋም እንደማለት ነው። ቀዷ ያመለጠን ግዴታ የመክፈያ መንገድ እንጂ ግዴታውን ለማሳለፍ የሚሰጥ ፈቃድ አይደለም። በረመዳን ቀን ፆሙን በግንኙነት ላፈረሰ ሰው ከፋራ መደንገጉ ድርጊቱን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም፤ በእኛ ሊቃውንት ዘንድ ከዚህ ተነስቶ ድርጊቱ ቀላል ነው ያለ አንድም የለም።

ሶላት በተወሰኑ ጊዜያት የተደነገገ ግዴታ መሆኑን ሱረቱ ኒሳእ በ103ኛው አንቀጽ ያስቀምጣል። ከእርሱ አስቀድሞ ያለው አንቀጽ ስለ ፍርሃት ሶላት የሚናገር ነው። የሁለቱ አንቀጾች ጉርብትና ሊስተዋል ይገባል። ጠላት ፊት ለፊት በቆመበት ሰዓት የሶላቱ አኳኋን ተለወጠ፤ ሰጋጆቹ በየተራ ቆሙ፤ ጊዜው ግን አልተለቀቀም። የቀዷ መሠረት የሆነው በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ሐዲሥም የሚናገረው ስለ ተኛና ስለ ረሳ ሰው ነው። ሆን ብሎ ስለ ተወ ሰው ግን ሊቃውንቱ ተለያይተዋል። የአራቱ መዝሀቦች አብዛኞቹ ሊቃውንት ቀዷ አለበት፣ ኃጢአቱም አለበት ሲሉ፣ ኢብን ሐዝምና ኢብን ተይሚያህ ሆን ብሎ ጊዜውን ያሳለፈ ሰው ቀዷው እንኳ አይበቃውም፤ ተውበት አድርጎ ሱናን ያብዛ ብለዋል። እንግዲህ ዳኛው በሚዛኑ ላይ ያስቀመጡት ማቅለያ፣ በየዕለቱ አስቀድሞ ታውቆ በሚተው ሶላት ላይ ሲሆን፣ ከታላላቅ ሊቃውንት ከፊሎቹ ዘንድ ጨርሶ የሌለ፣ በተቀሩት ዘንድም ማቅለያ ያልሆነ ነገር ነው።

በኸንደቅ ዘመቻ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዐስርን ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ መስገዳቸውን በመጥቀስ የሚከራከር ይኖራል። ክስተቱ ትክክል ነው። ነገር ግን የሆነው ከተማዋ በተከበበችበት ጭንቅ ውስጥ ነው፤ ብዙ ሊቃውንትም የፍርሃት ሶላት ከመደንገጉ በፊት የነበረ ነው ይሉታል። እሳቸውም የደረሰውን እንደ ጥቃት ቆጥረው ጠላቶቹን ረግመውበታል፤ እንደ አማራጭ አላቀረቡትም። የሰላም ጊዜ የምሳ ዕረፍት በዚህ ሊለካ አይችልም።

ከቀዷ ይልቅ ሊነሳ የሚገባው ጀምዕ፣ ማለትም ሁለቱን ሶላቶች አጣምሮ መስገድ ነበር። ኢብን ዐባስ እንዳስተላለፉት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ሳሉ ያለ ፍርሃትና ያለ ዝናብ ዙህርና ዐስርን አጣምረዋል፤ ምክንያቱም ኡመታቸውን ላለማስጨነቅ ነው። ሐንበሊዮች በችግር ጊዜ የማጣመርን በር ሰፋ አድርገው ከፍተዋል፤ ሻፊዒዮች በጉዞና በዝናብ ይወስኑታል፤ ሐነፊዮች ደግሞ ከዐረፋና ከሙዝደሊፋ ውጪ አይቀበሉትም። ይሁንና በለንደን የክረምት ወራት ጀምዕም አያድንም። በአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ብንናገር፣ በዲሴምበር ዙህር 6 ሰዓት ገደማ ይገባል፤ ዐስር በብዙኃኑ አቆጣጠር 8 ሰዓት ሳይሞላ ይከተላል፤ ፀሐይም 10 ሰዓት ሳይሆን ትጠልቃለች። ተማሪዋ ቤቷ እስክትደርስ የሁለቱም ጊዜ ያልፋል። ያን አምስት ደቂቃ የምሳ ሰዓት የምትሻው ለዚህ ነበር። ፍርዱ የዕረፍቱን ርዝመት፣ የክፍል እጥረቱንና የተቆጣጣሪ መምህራንን ቁጥር በዝርዝር ይመዝናል፤ የጊዜው መጥበብ የሚገባውን ያህል ቦታ እንዳላገኘ ግን እንታዘባለን።

ይህን ካልን በኋላ ፍርዱ የነካውን እውነት ማለፍ አንችልም። ትምህርት ቤቱ ባቀረበው ማስረጃ መሠረት፣ መስገድ ከተጀመረ ወዲህ የማይሰግዱ ሙስሊም ተማሪዎች ከእኩዮቻቸው ጫና ደርሶባቸዋል፤ አንዲት ልጅም መዘመር ሐራም ነው ተብላ ከመዝሙር ቡድን ወጥታለች። ይህ ለኢማሞችና ለመምህራን ከፍርዱ ሁሉ ከባዱ ክፍል ሊሆን ይገባዋል። ኒያ የሌለው ሶላት ሶላት አይባልም፤ በጓደኛ ግልምጫ የቆመ ረድፍ ደግሞ ኒያውን ከየት እንደሚያመጣ አናውቅም። ልጅን በሰባት ዓመቱ በሶላት የማዘዝ ኃላፊነት በሐዲሥ የተሰጠው ለወላጅ ነው፤ ለክፍል ጓደኛ አይደለም። በኛ ግምት የተማሪዋን ክስ ያሸነፈው የትምህርት ቤቱ ጠበቃ ብቻ ሳይሆን ይህ ጫናም ጭምር ነው።

ከሌላ አገር የተገኘ አንድ ፍርድ ጉዳዩን በተሻለ ሚዛን የያዘ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2011 የጀርመን የፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤት በበርሊን ዌዲንግ ሰፈር የሚገኝ ትምህርት ቤት ተማሪ ያቀረበውን ጉዳይ ሲወስን፣ ተማሪ ከትምህርት ክፍለ ጊዜ ውጪ በትምህርት ቤት ውስጥ የመስገድ መብት በመርህ ደረጃ እንዳለው፣ የመንግሥት ገለልተኝነትም በራሱ ይህን እንደማይከለክል አስታወቀ። ተማሪው ግን ተረታ፤ በዚያ ትምህርት ቤት በተማሪዎች መካከል፣ በሙስሊሞቹም መካከል ጭምር፣ በሃይማኖት ሰበብ ግጭት እንደነበረ ተረጋግጧልና። በውጤት ከለንደኑ ጋር አንድ ነው። መነሻው ግን ይለያል፤ የበርሊኑ ከመብት ተነስቶ ገደብን በተጨባጭ ማስረጃ ሲያስደግፍ፣ የለንደኑ መብቱ ገና አልተነካም ብሎ ይጀምራል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1962 በትምህርት ቤት ጸሎትን የከለከለበት ፍርድም ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ይጠቀሳል። እዚያ የተከለከለው የመንግሥት ባለሥልጣናት ያዘጋጁትን ጸሎት ማስደገም ነው፤ ተማሪ በራሱ ጊዜ የሚያደርገው ጸሎት አይደለም።

በአገራችን ክርክሩ የሚደናገረው በዚሁ ሥፍራ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ሃይማኖትንና መንግሥትን ይለያል፤ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ይደነግጋል። የመጀመሪያውን በጥርጣሬ ማየት የለብንም፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡ አባቶቻችን ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ ነበርና። ሁለተኛው የሚናገረው ስለ ትምህርቱ አካሄድ ነው። ግዴታው የተጣለው በሚያስተምረው አካል ላይ እንጂ በዕረፍት ሰዓቱ ግንባሩን መሬት በሚያስነካው ልጅ ላይ አይደለም። የልጁን ጉዳይ የሚገዛው አንቀጽ 27 ሲሆን፣ እምነትን በግልም በጋራም መግለጽ በመርህ ደረጃ ይፈቅዳል። ገደብ የሚጣለው በሕግ ሲደነገግና አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ነው። ከገደቡ ምክንያቶች መካከል ትምህርት በስም መጠቀሱን ግን የኛ ተከራካሪዎች ሊዘነጉት አይገባም። የትምህርት ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. በትምህርት ተቋማት ስለሚደረግ አምልኮ ያወጣው መመሪያ በግቢ ውስጥ የሚደረግን የጋራ አምልኮ ከልክሏል። መመሪያው ሊጠየቅ የሚገባው አስፈላጊ ነው ወይ በሚለው መለኪያ ነው፤ ሃይማኖት ጠል ነው በሚል ስሜት አይደለም። ብዙ እምነቶች ባሉበት ግቢ የሁሉም ማኅበር ቦታ ቢጠይቅ ምን ይሆናል የሚለው የርዕሰ መምህሩ ሥጋትም ከንቱ አይደለም።

ደግነቱ ምድራችን አግዛናለች። በአዲስ አበባ የዙህር ጊዜ እንደ ወሩ ከ6፡10 ገደማ እስከ 6፡40 ገደማ ባለው ውስጥ ይገባል፤ ዐስር የሚከተለው ከ9፡20 በኋላ ነው፤ ፀሐይ የምትጠልቀውም 12 ሰዓት ገደማና ከዚያ በኋላ ነው። የለንደንን ያህል የወቅት መለዋወጥ የለም። ከሰዓት በኋላ በፈረቃ የሚማር ልጅ እንኳ ወደ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ወይም በዕረፍቱ ዙህርን፣ ከወጣ በኋላም ዐስርን በጊዜው ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ማታ ቀዷ ታወጣለህ የሚል ምክር ለተማሪ የሚሰጥ ኡስታዝ በቅድሚያ የትምህርት ቤቱን የሰዓት ድልድል ቢመለከት መልካም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀዷ የሚያስፈልግበት ምክንያት አያገኝም። በከተሞች መስጂድ ከትምህርት ቤት አጥር የማይርቅበት ቦታ ብዙ ነው። ጥያቄውም ግቢ ውስጥ መስጂድ ይሠራ ከሚል ወደ በምሳ ሰዓት በሩ ይከፈት ወደሚል ይጠባል። ውዱእን ከቤት አድርጎ መምጣትና በኹፍ ላይ ማበስ በመታጠቢያው ቦታ የሚነሳውን ንትርክ ይቀንሳል፤ ነዋሪ ለአንድ ቀንና ሌሊት ማበስ እንደሚችል ተማሪዎቻችን ስንቶቹ ያውቃሉ?

የቀዷ ክርክር ፈጽሞ የማይሠራበት ጁሙዓ ነው። ያመለጠ ጁሙዓ እንደ ጁሙዓ አይከፈልም፤ አራት ረከዓ ዙህር ይሰገዳል እንጂ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ሠራተኞቻቸውን ያሳርፋሉ፤ መንግሥትና ሃይማኖትም በዚህ ምክንያት ተቀላቀሉ ያለ የለም። ጸሐፊው ለጁሙዓ ሲለቀቅ ለአካለ መጠን የደረሰው የ12ኛ ክፍል ተማሪ በፈተና ሰዓት የሚያዝበት ምክንያት አይታየንም። የዓርብ ፈተና ከጁሙዓ ሰዓት ውጪ እንዲሆን መጠየቅ የመምህራን ጉባኤ በአንድ ስብሰባ የሚጨርሰው ጉዳይ ነው።

ጁሙዓ ግን በሴቶች ላይ ግዴታ አይደለም። የምሳ ሰዓት በር መከፈቱም በአመዛኙ የሚጠቅመው ወንዶችን ነው፤ በትምህርት ቤት አቅራቢያ ያሉ ብዙ መስጂዶች ለሴቶች ያላቸው ቦታ ጠባብ ነው፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ የላቸውም። የዌምብሊዋ ከሳሽ ሴት ልጅ ነበረች። እኛ ዘንድም በሩ ተከፍቶ ወንዶቹ ወደ መስጂድ ሲሄዱ በግቢው የምትቀረው እርሷ ናት፤ የዙህርም ግዴታ በእርሷ ላይ እንደ ወንዱ ሙሉ ነው። ለእርሷ የሚያስፈልጋት ንጹሕ ጥግና ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ ጥያቄውን ለትምህርት ቤቱ ከማቅረባችን በፊት ለመስጂድ ኮሚቴዎቻችን ልናቀርበው ይገባል።