በቴሌቪዥን ስለሚደረግ ዕርቅ
በአሜሪካ አገር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2019 ዓ.ም. የቀረው፥ «ፌስ ዘ ትሩዝ» ማለት «እውነቱን ተጋፈጥ» የተባለው የቀን የቴሌቪዥን ጉባኤ፥ የተጣሉትን ለማስማማት የቆመ ነበር። በተዋናይቱ በቪቪካ ፎክስ መሪነት ሕግና ሥነ ልቡና የተማሩ ሴቶች ለሸንጎ መቀመጣቸው የሚያስመሰግን ነው፤ የመካነ ሰላም ሽማግሌም ይህን ቢማርበት ነውር አይሆንበትም።

ጉድለቱ ግን በችኰላው ነው፤ ገበናው በተመልካች ፊት የተገለጠበት ሰው ቢስማማ እንኳ ከኀፍረት የተነሣ ነው። በወሎ ቦረና ደጋ ሽማግሌው ሁለቱን ለየብቻ ያነጋግራል፥ ቀጠሮ ይሰጣል፥ የነፍስ አባትም ያስጨምራል፤ ከዕርቁ በኋላ ከሁለቱም ጋር በአንድ ገበያና በአንድ ለቅሶ ይገናኛልና፥ ጠቡ ቢያገረሽ ኀፍረቱ የራሱ ነው። የቴሌቪዥኑ ጉባኤ ግን በማግስቱ ሌላ ባለጉዳይ ያስገባ ነበር።