የፍሬን ዲስክና የደንገጎ ቁልቁለት

የፍሬን ዲስክ ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር ክብ ብረት ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፤ ሁለት ሸራዎችም ዲስኩን ከውስጥና ከውጭ ይጨብጡታል። መኪናው ይዞት የመጣው ጉልበት በዚህ ፍትጊያ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱን ተቀብሎ፣ ለጊዜው ይዞ፣ ቀስ እያለ ለነፋስ የሚያስረክበው ዲስኩ ነው። አሮጌ መኪና ላይ ዲስክ ሲመረመር ከሁሉ በፊት የሚጠየቀውም ስንት ብረት ቀርቶታል የሚለው ነው፤ ልስላሴው ከዚያ በኋላ ይታያል።

ድሬዳዋ ላይ ይህ ጥያቄ ሜዳ ላይ ካለ ከተማ ይልቅ ይከብዳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሐረርና የአዲስ አበባ መንገድ የሚለያይበት ደንገጎ ደግሞ ወደ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ይበልጣታል። ሰውና ዕቃ ጭኖ 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ጊዜ ሲቆም ፍሬኖቹ 370 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይቀበላሉ። ያው መኪና ሺህ ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 14,700 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። አርባ ጊዜ ያህል ከ80 እንደ መቆም ማለት ነው። አራት ኪሎ ተኩል የሚመዝን የፊት ዲስክ በአንዷ ማቆም ብቻ 60 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ከቁልቁለቱ ጉልበት ከፊሉን ነፋሱና ሞተሩ ይካፈሉታል፤ ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ነፃ አድርጎ የሚወርድ ሾፌር ግን የሞተሩን ድርሻ ጭምር ዲስኩ ላይ ይጭናል። የቆጠባት ቤንዚን የአንድ ጥንድ ሸራ ዋጋ እንኳ አትሸፍንም።

የዲስክ ፍሬን አሳብ አሮጌ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነበር፤ የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰውና ከተማዋ የተቆረቆረችውም በዚያው ዓመት ነው። ዲስኩ ግን ተቀባይነት እስኪያገኝ ብዙ ቆየ። ጃጓር በ1953 የለ ማን ውድድርን በዲስክ ፍሬን አሸነፈ፤ ሲትሮየን ዲኤስ በ1955 በብዛት ለገበያ አወጣው። የድሬዳዋና የሐረር ታክሲ ሆኖ ስሙን የተከለው ፔጆ 404 መጀመሪያ በአራቱም ጎማ ባለ ታምቡር ፍሬን ነበር፤ የፊት ዲስክ ያገኘው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ታምቡር ሙቀቱን በውስጡ ዘግቶ ይይዛል፤ ዲስክ ነፋስ ላይ ነው የሚሠራው። ለቁልቁለት ከተማ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

አርጅቶ የተበላ ዲስክ በጣት ጥፍር ይታወቃል። ጥፍር ከመሐል ወደ ጠርዝ ሲጎተት ሸራው ያልነካው የብረት ከንፈር ላይ ይያዛል፤ የከንፈሩ ከፍታ ዲስኩ በዚያ ፊቱ ስንት እንደጠፋበት ይናገራል። ውፍረቱ በማይክሮሜትር የሚለካው ከጠርዙ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ዙሪያውን ስምንት ቦታ ላይ ነው። በተራ የመለኪያ ካሊፐር የሚለካ ሰው ሁለቱን ከንፈሮች ለክቶ ዲስኩን ደህና ነው ብሎ ሊሸኘው ይችላል። ብዙ ዲስኮች ላይ የመጨረሻው የተፈቀደ ውፍረት በሚሊ ሜትር ተቀርጿል፤ ቁጥሩ በዝገትና በግራሶ ተሸፍኖ ስለሚቆይ የሽቦ ብሩሽ ይፈልጋል። የውስጠኛውን ፊት ማየትም ግድ ነው። ውጩ እንደ መስታወት እያበራ ውስጡ ታርሶ የሚገኘው ሸራው ወይም ሸራዎቹን የያዘው የፍሬን ካሊፐር በመንሸራተቻው ላይ ሲደርቅ ነው፤ መንሸራተቻው ካልጸዳ አዲስ ዲስክም ያንኑ ዕጣ ያገኛል።

ፍሬን ሲያዝ መሪው ሲርገበገብ ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ዲስኩ ተጣሟል፤ ቶርኖ ይግባ።» ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ይቸኩላል። ብረቱ በሙቀት መጣመሙ ብርቅ ነው። የሚበዛው ችግር የውፍረት መለያየት ሲሆን የሚሊ ሜትር መቶኛ ሁለት ያህል ልዩነት እጅ ላይ ለመሰማት ይበቃል። ይህም የሚመጣው ዲስኩ ቀጥ ብሎ ሳይታሰር ሲቀር ነው፤ በዞረ ቁጥር አንዱ ጎኑ ሸራውን እየነካ ይበላል፣ ወይም የሸራ ቅሪት ይለጠፍበታል። ከቁልቁለት ወርዶ፣ ዲስኩ እንደጋለ፣ ፔዳሉን ጥብቅ አድርጎ መቆምም የሸራውን ቅርጽ ብረቱ ላይ ያትማል። በጣም የጋለበት ቦታ ወደ ሰማያዊነት ያደላል፤ ብረቱ ራሱ እዚያ ላይ ሊጠነክር ስለሚችል ቶርኖ ፊቱን ቢያስተካክለውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ጉብታ ይመለሳል።

ስለዚህ ቶርኖ ቤት ከመሄድ በፊት ዲስኩ የታሰረበት ሞዞ ይታያል። በዲስኩና በሞዞው መካከል የገባች የዝገት ቅንጣት ጠርዙ ላይ ስትደርስ እጥፍ ድርብ ሆና ትታያለች። ሁለቱን ፊቶች በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ተራ እኩል ማጥበቅ፣ ካልተስተካከለ ዲስኩን አንድ ቀዳዳ አዙሮ መልሶ ማሰር ወጪ የላቸውም። በኋላ ጎማ የሚነዱ የቆዩ ኮሮላዎችና ፔጆዎች ላይ ደግሞ የላላ ኩሽኔታ የተጣመመ ዲስክ መስሎ ይታያል፤ እዚህ ላይ ቶርኖ ያለ ጥፋቱ የተበደለን ብረት መላግ ነው።

ቶርኖ ጠላት አይደለም። የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ባለባት ከተማ ይህን ማስረዳት አያሻም፤ የባቡር መንኮራኩርም ይላጋል፣ የማይታለፍ ወሰንም አለው። ሥራው ሲያስፈልግ ዲስኩ በትክክል መሐሉ ላይ ይታሰራል፣ ከሁለቱም ፊት ይላጋል፣ የመጨረሻው ዙር ስስ ይሆናል፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። ከተላገ በኋላ የሚቀረው ውፍረት ከተቀረጸው ቁጥር በደንብ መብለጥ አለበት፤ እኩል ከሆነ ለሚቀጥለው መበላት የቀረ ብረት የለም። የተላገ ዲስክ ለስላሳ ነው፤ ግን ቀሏል፤ ያንኑ የቁልቁለት ሙቀት የሚቀበለው ብረት አንሷል። ጥልቀት የሌለው ጭረት ብቻ ያለበትን ዲስክ እንዲሁ መተው የተሻለ ነው።

የድሬዳዋ ደረቅ አየር ለዲስክ መልካም ነው፤ የጅቡቲ ጨዋማ አየር ላይ የከረመ መኪና ዝገቱን ይዞ ይመጣል። አሸዋው ግን ሌላ ነው። ደቻቱን የመሰለ የአሸዋ ወንዝ ውሃ ሲኖረው አቋርጦ የወጣ መኪና ሸራው ውስጥ አሸዋና ውሃ ይዟል፤ ጥቂት ሜትር ፔዳሉን ነካ እያደረጉ መሄድ ያደርቀዋል። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ መድፋት ግን ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ዲስክ የሚቀየረው ግራና ቀኙ አብሮ፣ ከአዲስ ሸራ ጋር ነው። ፋብሪካው የቀባው ዘይት ተጠርጎ ይነሣል። ከዚያ ሜዳ መንገድ ላይ፣ ለምሳሌ ወደ ሽንሌ በሚወስደው፣ ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ ያህል፣ ፈጽሞ ሳይቆሙ፣ በየመሐሉ እያበረዱ ማለማመድ ሸራውን በእኩል ያነጥፈዋል። ያልተለማመደ ፍሬን ይዞ ደንገጎ መውጣት አይመከርም፤ መውረዱ አይቀርምና። የፍሬን ዘይቱም በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወሰኑ እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ስለሚሆን ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል፤ ያኔ የዲስኩ ውፍረት ምንም አያድንም።