ስንዝር ወደ ሰሜን

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ በበጋ ሶላርን ማንም ቢተክለው ይሠራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ አገር ስለሆነ ሰማዩ ጥርት፣ ፀሐዩም ብርቱ ነው። ብርዱ ራሱ ያግዛል፤ ፓኔል ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በየዲግሪው ከጉልበቱ 0.4 በመቶ ያህል ያጣልና። የሠሪው እጅ የሚለየው ሐምሌ ሲገባ ነው። ጉሙ ከጓሳ ደጋ በኩል ሲወርድ የአንዱ ቤት አምፖል ገና ከእራት በፊት ይደክማል፤ ጎረቤቱ ደግሞ በዚያው መጠን ፓኔል ልጆቹን እስኪተኙ ያስጠናል።

«ፓኔል ወደ ደቡብ ይዙር» የሚለው ምክር ለአውሮፓ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው። ለመንዝ ግን ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። መሐል ሜዳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ግድም ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት የቀትር ፀሐይ አናትን አልፋ በሰሜን በኩል ትውላለች። በሰኔ 13 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ደግሞ ከ33 ዲግሪ በላይ ወደ ደቡብ ትዘማለች። ለታኅሣሥ ታስቦ አንዴ የተቸነከረ ፓኔል ክረምቱን ሙሉ ፀሐይን በገደምዳሜ ነው የሚያያት።

አንድ ሠሪ ይህን ችግር የፈታበት መንገድ በጣም ያምራል። ፓኔሉን ጣራ ላይ አልቸነከረውም። ከቤቱ አጠገብ፣ ባህር ዛፉ የማይደርስበት ቦታ መርጦ፣ በድንጋይ ካብ መሐል ቋሚ ብረት ተከለ፤ ከፍታውም የቆመ ሰው በእጁ የሚደርስበት ነው። ፓኔሉ ወገቡ ላይ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በተጋደመ ዘንግ ተይዟል። ከሥሩ ቀስት ሆኖ የተቆለመመ ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ ብረቱ ላይ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ቡሎኑ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ሲዛወር ፓኔሉ ያጋድላል። ጎንበስ ብዬ ቀዳዳዎቹን በጣቴ ዳሰስኳቸው፤ ጠርዛቸው በሞረድ ለስልሷል፣ ውስጣቸው ሳይቀር የዝገት መከላከያ ቀለም ጠጥቷል። በዚያ ጉም ውስጥ ዝገት የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ማንም ከማያየው ቦታ ነው።

በበጋ የ1 ሜትሩ ፓኔል የሰሜን ጠርዙ አንድ ክንድ ይነሣል። ክረምት ሲገባ ይገለበጥና የደቡቡ ጠርዝ ስንዝር ብቻ ከፍ ይላል። ሰማይ በደመና ሲሸፈን ብርሃን የሚመጣው ከመላው ሰማይ ስለሆነ፣ ጋደም ያለ ፓኔል ብዙውን ያገኛል። ጨርሶ ከተጋደመ ግን ውሃ ያቁራል፣ በረዶ ያከማቻል፣ አቧራው ጭቃ ሆኖ የታችኛውን ረድፍ ይሸፍናል። በፓኔሉ ውስጥ ያሉት ክፍሎች እርስ በርስ ተቀጣጥለው ስለሚሠሩ፣ የአንዱ መሸፈን የሌሎቹንም ጉልበት ይይዛል። ስንዝሯ ዝናቡ ራሱ እንዲያጥበው ትበቃለች።

ሽቦው ላይም ያው ጥንቃቄ አለ። 5 አምፔር በ12 ቮልት 10 ሜትር ሲጓዝ፣ በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ1 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ4 ሽቦ ግማሽ ቮልት እንኳ አይሞላም። በክረምት ደመናው የሚገለጠው ለጥቂት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜም ጠዋት ስለሆነ፣ ያችን ሰዓት ሳያባክኑ ባትሪ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ሠሪው ባለ 4ቱን ነው የዘረጋው። ጫፉን ሲልጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር አልበጠሰም፤ ካሰረ በኋላም እያንዳንዱን ሳብ አድርጎ ፈተነ። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ሽቦው ዝም ብሎ አይገባም፤ ወደ ታች ወርዶ፣ ታጥፎ፣ ወደ ላይ ተመልሶ ነው የሚገባው። በሽቦው ላይ የሚንሸራተተው ዝናብ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ቤት አይገባም። ዋጋው ስንዝር ሽቦ ነው፤ ስንቱ ግን ይረሳዋል!

ባትሪውን ከወለሉ ቅዝቃዜ አንሥቶ ሳንቃ ላይ አስቀመጠው። የእርሳስ ባትሪ ብርድ ሲጠናበት የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፤ ሲሞላ ግን የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ምድጃ አጠገብ አይሆንም። ደመናው ለሳምንታት ሲሰነብት ሳይሞላ የከረመ ባትሪ ደግሞ ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ አይድንም። ስለዚህ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ፣ ማታ ስልክ ቻርጅ ከማድረግ ይልቅ መብራቱ እንዲቀድም ለቤተሰቡ አስረዳ።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ሙያ አዲስ አይደለም። በሬማ የሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን ከ1,000 በላይ ቤቶችን በፀሐይ ብርሃን ሲያበራ፣ እዚያው ገጠሩ ውስጥ የሶላር ትምህርት ቤት ከፍቶ ባለሙያ አሠልጥኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የአሽደን ሽልማትን አግኝቷል። እኔ ከሁሉ ትልቅ አድርጌ የማየው ትምህርት ቤቱን ነው። ፓኔል ከውጭ ይገዛል፤ ነሐሴ ላይ የላላ ቡሎን የሚያጠብቅ ሰው ግን ሰፈር ውስጥ መኖር አለበት።

የመሐል ሜዳው ሠሪም ዕቃውን ሰብስቦ ከመሄዱ በፊት 13 ቁጥር ቁልፍ ለቤቱ እመቤት ሰጣቸው። «እትዬ፣ መስቀል ሲደርስ ይቺን ቡሎን የሚያዛውሯት እርስዎ ነዎት» አላቸው። እሳቸውም እሱ እያያቸው ፈቱት፣ ፓኔሉን ወደ ደቡብ አዘነበሉት፣ መልሰውም ወደ ክረምቱ ቀዳዳ አምጥተው አጠበቁት።