የፈጣን አውቶቡስ ሙያ፦ ከይፋግ መንገድ ዳር ሲመዘን

ፈጣን አገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚባለው ሁለት ሩቅ ከተሞችን የሚያገናኝ፣ ለምግብ፣ ለዕረፍትና ለፍተሻ ካልሆነ በቀር በመሐል እንዳይቆም የሚጠበቅ የሕዝብ ማመላለሻ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር በኩል ጎንደር የሚገባው መስመር ወደ 740 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ ከባሕር ዳር በኋላ ያለው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በይፋግና በአዲስ ዘመን ያልፋል። የዚህ መስመር ሹፌርና ረዳት ብዙውን ጊዜ የሚመዘኑት በስንት ሰዓት እንደደረሱ እየታየ ነው፤ ሆኖም ሙያቸው ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ጊዜን በሚያከፋፍሉበት ሥርዓትና ይፋግን በመሰለች የመሐል ከተማ ቆሞ ለሚጠብቀው መንገደኛ በሚሰጡት ቦታ ነው።

ይፋግ መንገደኛ መቀበል የጀመረችው አስፋልት ከመነጠፉ ከረጅም ዘመን በፊት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በጎንደርና በጎጃም መካከል ይመላለስ የነበረው ሲራራ ነጋዴ፣ ማለትም በአጋሰስ ጭኖ በቡድን ከገበያ ገበያ የሚዘልቀው ነጋዴ፣ አሞሌ ጨውና ሌላውን ሸቀጥ የሚለዋወጥበት ትልቅ ገበያና ቀረጥ የሚከፍልበት ኬላ ነበረች። የሲራራው ጉዞ በሦስት ነገሮች ይወሰን ነበር፤ ጭነቱ በከብቱ ጀርባ ላይ በሚዛን መደላደሉ፣ መነሻው ከቀኑ ሙቀትና ከወንዞቹ ሙላት ጋር መስማማቱ፣ ማረፊያውም አስቀድሞ መታወቁ። አጋሰሱ በሞተር ቢተካም ጭነት፣ መነሻና ማረፊያ ዛሬም የሙያው ሦስት ምሰሶዎች ናቸው።

ስለ ጭነት ሲነገር፣ አውቶቡሶች በአንደኛ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ደረጃ ተከፍለው ታሪፋቸውም በዚያው መጠን የሚለያይ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። እንደ ሰላም ባስና ስካይ ባስ ያሉት ባለ ምቹ ወንበር አውቶቡሶች የተሳፋሪውን ሻንጣ ከወለሉ ሥር ባለው ክፍል ሲይዙ፣ በርካሽ ዋጋ የሚጭኑት የቆዩ አውቶቡሶችና በአገር ውስጥ ጋራዦች በአይሱዙ ሻንሲ ላይ አካላቸው የሚሠራ ቅጥቅጥ የሚባሉት መኪኖች ግን አብዛኛውን ዕቃ በፖርቶመጋላ፣ ማለትም በጣሪያ ላይ ባለው የዕቃ መጫኛ፣ ይሸከማሉ። ከጣሪያ በላይ የተቆለለ የፎገራ ሩዝ ወይም የሽንኩርት ጆንያ የተሽከርካሪውን የክብደት ማዕከል ወደ ላይ ስለሚያነሣ፣ መኪናው በጠመዝማዛ መንገድ ወደ ጎን የማዘንበል ጠባዩ ይጨምራል። ስለዚህ ሙያውን የሚያውቅ ረዳት ከባዱን ከታችና ከመሐል፣ ቀላሉን ከላይ ያደርጋል፤ በመንገድ የሚወርደውን ሰው ዕቃም የመጨረሻው መናኸሪያ ከሚደርሰው ዕቃ ሥር አይቀብረውም፤ እንዲህ ካላደረገ አንድ ጆንያ ለማውረድ ሃምሳ ሰው ፀሐይ ላይ ይቆማል።

መነሻን በሚመለከት፣ የሕዝብ ማመላለሻ በሌሊት እንዳይጓዝ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው ክልከላ ምክንያት የጉዞው ቀን በብርሃን የተወሰነ ነው። በመርካቶው አውቶቡስ ተራ ተሳፋሪ ጎሕ ሳይቀድ የሚሰበሰበው፣ ትኬቱንም በዋዜማው የሚቆርጠው በዚህ የተነሣ ነው። በርካሹ አውቶቡስ ሞልቶ መነሣት ልማድ በመሆኑ፣ ወንበር እስኪሞላ የሚጠፋውን ጊዜ ሹፌሩ በመንገድ ላይ በፍጥነት ለማካካስ ይፈተናል። ይህ ፈተና ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ቀላል ስሌት ያሳያል። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ካለው 560 ኪሎ ሜትር ገደማ 200ው ተራራማ ሆኖ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ ቀሪው 360 ደግሞ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ይነዳል ብለን ብንወስድ፣ የጠፋችውን አንድ ሰዓት ለመመለስ በሜዳው ላይ በሰዓት ወደ 95 ኪሎ ሜትር መንዳት ግድ ይሆናል፤ ዳገቱና ቁልቁለቱ ጊዜያቸውን አይቀንሱምና። ከብት፣ ጋሪና እግረኛ በሚጋሩት መንገድ ላይ ይህ ፍጥነት የሰው ሕይወት ያስይዛል። ያችው አንድ ሰዓት ግን እያንዳንዳቸው ስድስት ደቂቃ የሚፈጁ አሥር አላስፈላጊ ቆይታዎችን በማስቀረት ያለ ምንም አደጋ ትገኛለች።

የጠፋ ጊዜን ማካካስ በፍጹም የማይቻልበት ስፍራ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ ነው። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርቀት ውስጥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል፤ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ አገልግሎት የጀመረው የህዳሴ ድልድይም ከገደሉ ግርጌ ይገኛል። በቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ያለማቋረጥ ሲረገጥ የፍሬን ሸራው፣ ማለትም ከታምቡሩ ጋር እየተፋተገ ጎማውን የሚያስቆመው ክፍል፣ ከመጠን በላይ ይግልና የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ነባር ሹፌሮች ዳገቱ በሚወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱ ይወረዳል የሚሉት ለዚህ ነው፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግና ፍሬኑን ለድንገተኛ ጊዜ ማቆየት የሙያው ዋና ሕግ ነው። መኪናው በዳገት ላይ በግድ ሲቆም ፈጥኖ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ የሚያደርገው ረዳት የዚህ ጥንቃቄ ሁለተኛ እጅ ነው።

ከባሕር ዳር በኋላ ተራራው በሜዳ ይተካል፤ ከግንቦት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር ዳር ላይ ዓባይን መሻገሪያው ሰፊው አዲስ ድልድይ ሆኗል። የፎገራ ሜዳ ግን የራሱ ፈተና አለው፤ ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞች በክረምት ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሲሞሉ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍም ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ክፉኛ ጎድቷል። ወረታ ላይ በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ የተሠራው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ይገነጠላል፤ በ42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ከ1,800 ሜትር ገደማ ወደ 2,700 ሜትር ይወጣል፤ ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ወረታ ወርዶ መኪና ይለውጣል። ወረታን አልፎ፣ ርብን ተሻግሮ ይፋግ ይደረሳል።

ሦስተኛው ምሰሶ ማረፊያ ነው፤ የርካሽ ዋጋ ትርጉምም በእውነት የሚፈተነው እዚህ ይፋግ ላይ ነው። በመልሱ ጉዞ ጠዋት ከጎንደር የሚነሣው አውቶቡስ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ወንበሩ ስለተሸጠ ይፋግን ሞልቶ ያልፋል። የይፋግ ሰው አዲስ አበባ ለመሄድ በዋዜማው በሚኒባስ ባሕር ዳር ወርዶ፣ አልጋ ይዞ፣ በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ መሰለፍ አለበለዚያም ከጎንደር ለሚነሣው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ወንበር ማስያዝ አለበት። የሚኒባሱና የአልጋው ሒሳብ ሲደመር ትኬቱ ርካሽ መሆኑ ይቀራል፤ የታመመ ዘመድ ይዞ ለሚሄድ ደግሞ ድካሙ ከገንዘቡ ይብሳል። ሦስተኛው አማራጭ ትርፍ ሆኖ መጫን ነው፤ ትርፍ የሚባለው ከወንበር ቁጥር በላይ በመተላለፊያው በርጩማ ላይ ወይም በሞተሩ ክዳን ላይ የሚቀመጥ ተሳፋሪ ሲሆን፣ ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ዝቅ በሉ ይባላል። ወንበር ሳያገኝ እንደ ሌላው የከፈለ ሰው ይህን እንግልት መሸከሙ ተገቢ አይደለም፤ አደጋ ቢደርስም የሚይዘው ነገር ስለሌለው ከሁሉ በፊት የሚጎዳው እርሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል፤ ተሳፋሪዎችም ለእገታ ተጋልጠዋል። በዚህ ወቅት ለሹፌር ትልቁ ዕውቀት መቼ አለመነሣት እንደሚገባ መለየት ሆኗል፤ ከተነሣም በኋላ ለተሳፋሪው የሚያውቀውን በግልጽ መናገር የሙያው ግዴታ ነው።

ለይፋግ መንገደኛ ችግር ግን መፍትሔው ከባድ አይደለም። በጎንደርና በባሕር ዳር መናኸሪያዎች ጥቂት ወንበሮች ለመሐል ከተሞች ተለይተው ቢቆዩ፣ ትኬታቸውም አዲስ ዘመንና ይፋግ ላይ በዋዜማው ቢሸጥ፣ ወደ ጎንደር በሚደረገው ጉዞ ረዳቱ ባሕር ዳር ላይ ባዶ የሆኑትን ወንበሮች ቆጥሮ ወደፊት ላለው ከተማ በስልክ ቢያሳውቅ፣ አውቶቡሱ ይፋግ ላይ የሚቆመው ለታወቁ ሰዎችና ለታወቁ ደቂቃዎች ይሆናል፤ ፍጥነቱም አይጎድልም። ባለ ንብረቱ ከዚህ የሚያጣው ገቢ ጥቂት ነው፤ በዋዜማው ያልተሸጠው ወንበር ሌሊቱን ወደ መነሻው መናኸሪያ ሊመለስ ይችላልና። ጭነቱን፣ መነሻውንና ማረፊያውን በሥርዓት የያዘ ሹፌርና ረዳት ለዚህ የሚያንስ ችሎታ የላቸውም፤ የሚጎድለው የመሐሉ መንገደኛ ከመነሻ እስከ መድረሻ ከሚሄደው እኩል ተሳፋሪ መሆኑን የሚቀበል አሠራር ነው። ይህን የሚሠራ ድርጅት ፈጣን የሚለውን ስም በሚገባ ይይዘዋል።