ሆዱ ሥር የሚያበራ መኪና

ለቅሶ ቤት በሰርግ መኪና ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሄጃለሁ። ጊዜው ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ነው። ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከእሷ አለፍ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለ መንደር አለ። እዚያ የአክስቴ ባል ማረፋቸው ተነገረን። መርዶው የደረሰን ከሰዓት በኋላ ስለነበር ዘመድ ተሰባስቦ፣ ጋቢ ተፈልጎ፣ እህል ተጭኖ ስንነሳ ዓይን ለዓይን መተያየት እያቃተን ነበር።

መኪናው የእህቴ ልጅ ላንድክሩዘር ነው። በበጋ ፈረንጅ ጭኖ ስሜን ተራሮች ይመላለስበታል፤ በጥርና በሚያዝያ ሙሽራ ያጅብበታል፤ በክረምት እንደኛ ያለውን ሥራ ፈት ዘመድ ያመላልስበታል። የሚያዝያው የሰርግ ገበያ ደርቶለት ኖሮ መኪናዋን ሸልሟታል። ከሆዷ ሥር፣ ከመርገጫው ግራና ቀኝ፣ ከየፓራፋንጎው ውስጥ ስምንት መብራት አስተክሏል። ሐምራዊ ይሆናል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቀይ ይሆናል፤ ሲያሻው ደግሞ ሦስቱንም እያፈራረቀ ይጠቅሳል። «ጋሼ፣ አዩት?» ብሎ ያሳየኝ ቀን፣ መኪናዋ መሬት የለቀቀች መስላ ታይታኛለች። እውነቱን ልናገርና፣ ውብ ነበር። ያልኩት ግን «ምን ይሠራልሃል?» ነው። ሃያ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ውብ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ጥያቄ ይህ መሆኑ የሙያው በሽታ ሳይሆን አይቀርም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የመኪና ጌጥ ከሚንቁት ወገን አይደለሁም። እኛ አገር መኪና ዕቃ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ስም ይወጣለታል። «ዶልፊን»፣ «አባዱላ»፣ «ኮብራ» ያልነው እኛው ነን፤ መንገድ ላይ የምትከንፈዋን አይሱዙ «አልቃይዳ» ያልናትም እኛው ነን። ማስተማር ላይ ሳለሁ ተማሪዎቼን በየታክሲው የተለጠፈውን ጥቅስ ሰብስባችሁ ኑ እል ነበር። ከሚያመጡልኝ መሀል አንዳንዱ፣ ያን ጊዜ በክፍል ከምናነበው ግጥም የተሻለ ሆኖ ያሳፍረኛል። ከስፖኪዮው ላይ የሚንጠለጠለው መቁጠሪያ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሚነጠፈው ጥልፍ፣ የባጃጁ የላስቲክ አበባ፣ ሁሉም አንድ ሰው «ይህች የኔ ናት» ያለበት ቋንቋ ነው። ጎንደርን የሚያህል ከተማ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ በመላእክት ፊት የሞላ ሠዓሊ ያፈራ ከተማ፣ ጌጥ ምን ያደርጋል ብሎ ሊጠይቅ አይገባውም። ያኛው ሠዓሊ ከራስ በላይ ነው የሣለው፤ ይኼኛው ከእግር በታች። (ሰምና ወርቅ ምናምን ውስጥ አልገባም። እሱን ንጽጽር እኛ አምድ ጸሐፊዎች ጨርሰነዋል።)

እንግዲህ ወደ መንገዳችን። ኮሶዬን በቀን ያየ ሰው ያውቃታል፤ ደጋው በድንገት ያልቅና ቆላው ከእግር ሥር ይዘረጋል፤ ጭላዳ ዝንጀሮ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። በነሐሴ ምሽት ግን ይህ ሁሉ የለም። ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ መንገዱን ይውጠዋል። ረጅሙን መብራት ብታበሩት ጉሙ ራሱ መልሶ ዓይናችሁ ላይ ይተፋዋል፤ አጭሩን አብርቶ በዝግታ መሄድ ነው። ልጁም አጭሩን አበራ። አጭሩ ሲበራ የሆዷም መብራት አብሮ በራ።

«አጥፋው እንጂ» አልኩት።

«አይጠፋም ጋሼ። ከአጭሩ ጋር ነው የተያያዘው።»

ለካ መብራቱን የተከለለት ሰው ሽቦውን በቀጥታ ከፊት መብራቱ መስመር ቀጥሎት ኖሯል፤ ማብሪያ ማጥፊያ የሚባል ነገር የለውም። አጭሩን ያበራ ሰው ሰርጉንም አብሮ ያበራል ማለት ነው። ጉሙ ውስጥ በሐምራዊ ደመና ላይ ተቀምጠን፣ ከኋላ አሮጊቶች እያለቀሱ፣ በግራችን ገደል ይዘን ሄድን። ዋናውን መንገድ ለቅቀን ኮረኮንቹ ላይ ስንወጣ አንድ የሰፈር ልጅ ከፊት ወርዶ ጎማው የሚረግጥበትን ድንጋይ በእጁ ያሳየን ጀመር። እዚህ ላይ መብራቱ ይረዳል ብዬ ነበር፤ ጎማውን ደህና አድርጎ ያሳያላ። ነገር ግን በሐምራዊ ብርሃን ድንጋዩም ጭቃውም ውሃውም አንድ መልክ ነው። አረንጓዴ ሲሆን ሁሉም ሣር ይመስላል። ልጁ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ነው ብሎ ጭቃ ውስጥ ከተተን።

ለቅሶ ቤቱ ስንደርስ የሆነውን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ድንኳኑ በአረንጓዴ ተነከረ፤ ከዚያ በቀይ። ሕፃናቱ እልል ብለው ሮጡልን። ሙሾ የሚያወርዱት ሴቶች ቀጥ አሉ። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ቀስ ብለው መጡና በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ሙሽሪት የት አለች?» አሉን።

የእህቴ ልጅ ሞተሩን አጠፋ። ሁላችንም ወርደን ገባን፤ እሱ አልገባም። በሞባይል መብራት መኪናዋ ሥር ተኝቶ ሽቦ ሲበጥስ አመሸ። በጥሶ ሲያበቃ «እስኪ አጭሩ ይሠራ እንደሆነ» ብሎ አበራው። የተበጠሰው ሽቦ ጫፉ እንደተላጠ ተንጠልጥሎ ኖሮ ሻንሲውን ነካ። ሽቦ ሻንሲ ሲነካ ወጉ ፊውዙ መቃጠል ነበር፤ አንድ ትንሽ ፊውዝ ተቃጥሎ ነገሩ ያበቃል። ዳሩ ግን ስምንቱ መብራት የተጨመረ ዕለት የፊት መብራቱ ፊውዝ ሸክሙ በዝቶበት ተቃጥሎ፣ ያ ባለሙያ በፊውዙ ፈንታ የሽቦ ጭራ ጠምጥሞበት ሄዷል። የሽቦ ጭራ አይቃጠልም። ስለዚህ የተቃጠለው ሌላው ሁሉ ነው። ከኮፋኖው ሥር ጭስ ወጣ፤ የፊት መብራቱ መስመር ላስቲኩ ቀለጠ፤ መኪናዋ ታወረች።

እኩለ ሌሊት ላይ አክስቴ ወደቁ። ደም ግፊት አለባቸው፤ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። ጎንደር ሆስፒታል ይድረሱ ተባለ። በመንደሩ ያለችው መኪና ያቺው ናት፤ እሷም አታይም።

እስከ ዋናው መንገድ ሁለት ልጆች የእጅ ባትሪ ይዘው ከፊታችን በእግራቸው ሄዱ። አክስቴን እኔ ደግፌ ይዣለሁ። ዋናው መንገድ ላይ ቆመን በረድ ሲያንዘፈዝፈን ከደባርቅ በኩል አንድ አይሱዙ መጣ። አዎ፣ ያ ስም ያወጣንለት። ሾፌሩ ነገሩን ሲሰማ ብዙ አልጠየቀም፤ «የኋላ መብራቴን ተከተሉ» ብሎ ቀደመ። ኩርባ ሲመጣ ገና ሳይደርስ ፍሬቻ ያሳየናል፤ ስንርቅበት ይቆማል። እስከ ጎንደር መግቢያ የወረድነው እነዚያን ሁለት ጭቃ የጠጡ ቀይ መብራቶች እያየን ነው። አክስቴ ተርፈዋል። የሾፌሩን ፊት አላየሁትም።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ይኸው፣ የጌጥ ነገር!» ይላል። እኔ እዚያ ላይ አልስማማም፤ ሒሴን የምጽፈውም ለዚህ ነው። የዚህን መብራት ታሪክ ብታዩት በመነሻው ጌጥ አይደለም። በውጭ አገር በድንጋያማ ተራራ ላይ በሌሊት መኪና የሚነዱ ሰዎች አሉ። ከፊት ወርዶ የሚመራው ሰው ጎማው የትኛው ድንጋይ ላይ እንዳረፈ እንዲያይ ነጭ መብራት ከመኪናው ሆድ ሥር ይተክላሉ። ያ የሰፈር ልጅ ኮረኮንቹ ላይ ያደርገው የነበረውን ማለት ነው። የቀለሙ ዘር ሌላ ነው፤ በከተማ መንገድ ላይ የሚያምሩ መኪኖች ሥር ከሚገባው የኒዮን ቱቦ የመጣ ነው፤ በፈረንጆቹ 2001 የወጣው «ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» የተባለው ፊልም ለዓለም ወጣት አስተዋወቀው። ኋላ ኤልኢዲ መጣ። ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠውን ኤልኢዲ የፈጠሩት ሦስት የጃፓን ተወላጆች በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙበት፤ ከእሱ ወዲህ ነው ነጩም ሐምራዊውም ረክሶ ጎንደር ገበያ የደረሰው። እኛ ጋ የደረሰው እንግዲህ ሁለቱ ተዳቅለው ነው፤ ቅርጹ የተራራ፣ ቀለሙ የከተማ። መዳቀሉ ነውር የለበትም። የኮሶዬው ተራራ ግን የሚፈልገው የተራራውን ወገን ነበር፤ እኛ የከተማውን ብቻ አስቀረን።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ የማቀርበው ሒስ «ለምን አጌጠ» የሚል አይደለም። ጌጡ የራሱ መንገድ አልተሰጠውም፤ ከዓይኗ ሥር ተቀጠለ። ጌጡ ሲበላሽ ዓይኗን ይዞ ጠፋ። በንግግሬ መሀል ቅጽል የሚያበዙ ተማሪዎችን ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህ ጥፋት አዲስ አልሆነብኝም፤ ቅጽሉ ግሱን ሲያቃጥለው ስንት ወረቀት አርሜያለሁ።

ትክክለኛውን አሠራር ያየሁት በሳምንቱ ነው። የእህቴ ልጅ አዘዞ አካባቢ ወዳሉ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሄድ ተከተልኩት። የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣሊያንኛ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ፍሬቻ፣ ኮፋኖ፣ ማርሚታ፣ ማሳ። ሰውየው በዚህ ቋንቋ የተናገሩትን ዓረፍተ ነገር ብታዩት ትርፍ ቃል የለውም። መጀመሪያ ስሌት ያዙ። እያንዳንዱ መብራት 9 ዋት፣ ስምንቱ 72 ዋት፤ የመኪናዋ ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ 72 ለ12 ሲካፈል 6 አምፔር። «ፊውዙ 10 ይሁን» አሉ። ፊውዙ የሚቀመጠው ደግሞ መብራቱ ጋ ሳይሆን ባትሪው አጠገብ ነው። እኔ ፊውዝ የሚጠብቀው አምፖሉን ይመስለኝ ነበር፤ የሚጠብቀው ለካ ሽቦውን ነው። ሽቦው መሀል ላይ ቢላጥ እሳት የሚነሳው ከባትሪው እስከተላጠበት ድረስ ባለው መንገድ ነውና፣ ፊውዙ ከመነሻው ካልቆመ ምንም አያድንም።

ቀጥሎ ሪሌይ ገባ። ይህቺን ትንሽ ሣጥን ወድጃታለሁ። ሾፌሩ የሚነካው ማብሪያ የሚያሳልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው፤ ያ ጥቂት ኤሌክትሪክ በሣጥኗ ውስጥ ያለውን ጥቅልል ማግኔት ያደርገዋል፤ ማግኔቱ ምላሱን ስቦ ትልቁን መንገድ ከባትሪው እስከ መብራቱ ይከፍታል። ትልቁ ሸክም በጣታችን ሥር አያልፍም። ከዚያ ማሳው፤ የሻንሲው ቀለምና ዝገት ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ጸድቶ ታሰረ። ሽቦው በተቦረቦረ የላስቲክ ቱቦ ውስጥ ገባ፤ ከማርሚታው ሙቀት ራቀ፤ ጎማ ሲታጠፍ ከማይነካው በኩል በየስንዝሩ ታሰረ፤ መጋጠሚያው ውሃ እንዳይገባው ታሸገ። የኮሶዬ ጭቃ የሚገባበት ቀዳዳ አልተተወለትም። በመጨረሻ ማብሪያው መሪው አጠገብ ተተከለ።

አንድ ክርክር ብቻ ተነሣ። ሰውየው «ሁሉም ነጭ ይሁን» አሉ። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። «ነጭ ብቻ ካደረግሁት ለሰርግ ማን ይቀጥረኛል?» አለ። ወደ እኔ ዞሩ፤ ሐያሲ መሆኔ ነው። በብዙ አገር ቀይና ሰማያዊ ብልጭታ ለፖሊስና ለአምቡላንስ የተተወ መሆኑን ነገርኩትና ቀዩ ቀረ። ከዚያ ተስማማን፤ አራቱ ነጭ፣ አራቱ ሐምራዊና አረንጓዴ፤ ሁለት ማብሪያ፣ ሁለት ሪሌይ። ሰርግ ለብቻ፣ ድንጋይ ለብቻ። ዋጋው ከመጀመሪያው ሥራ እጥፍ ሆነ፤ የእህቴ ልጅ እስከ ዛሬ እኔ ያስጨመርኩት ይመስለዋል።

ያቺ መኪና ግን ያን መብራት ብዙም አልሠራችበትም። መጋቢት 2012 ኮሮና መጣ፤ ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተነሣ፤ ሐምሌ 2015 መገባደጃ ላይ ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ወደቀ። በእነዚያ ዓመታት ፈረንጁም ሙሽራውም ተራ በተራ ቀረበት፤ በሌሊት ኮሶዬን ማለፍማ የሚታሰብ አልነበረም። መኪናዋ በግቢው ሸራ ለብሳ ቆመች።

በቀደም ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ። መብራት ሄዶ ነበር፤ የእሱ ሳሎን ግን በርቷል። ቀና ብዬ ሳይ አራቱ ነጭ መብራቶች ከመኪናዋ ሆድ ወጥተው ጣሪያው ላይ ተሰልፈዋል፤ ባትሪው ከሶፋው ኋላ ተቀምጧል፤ ልጆቹ ሥር ሆነው የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ። ሐምራዊውን ለልደት ብቻ ነው የሚያበራላቸው አሉ። ሻይ እስኪመጣ ድረስ ጎንበስ ብዬ ከባትሪው የሚወጣውን ሽቦ አየሁት። ፊውዙ አለ። 10 አምፔር።