«ፖዘቲቭ» ብቻውን አይበቃኝም

«ጋሼ፣ ፒሲአር እያለ ዝንብ በፒንሴት መበለት ለምን አስፈለገ?» አለችኝ፣ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ የተቀላቀለችን ልጅ። እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ አሳጥሬ መናገር አልችልበትም።

እኛ የምናረባት የቆላ ዝንብ፣ ፓሊዲፔስ፣ የምራቅ ዕጢ የሚያሳብጥ ቫይረስ ይዛ ትኖራለች። በፒሲአር ከመረመራችኋት ከመንጋው አብዛኛው «ፖዘቲቭ» ይወጣል። ታዲያ ሁሉንም ልትደፉ ነው? ቫይረሱን የተሸከመችው ብዙዋ ዝንብ ደም ትመጥጣለች፣ ትወልዳለች። የምታከስረን ዕጢዋ ያበጠባት ናት፤ ሴቷ እንቁላል ማፍሪያዋ ይበላሻል፣ ወንዱም ይመክናል። ይህን የሚለይልኝ ዓይኔ ነው። ሆዷን ሳላይን ጠብታ ውስጥ ስከፍተው ጤነኛው ዕጢ ቀጭን ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። የታመመው እንደ ኖራ ነጥቶ፣ ብዙ እጥፍ ወፍሮ ሆዷን ይሞላዋል።

ከኢትዮጵያ በሄደ ዘር በኦስትሪያ ዛይበርስዶርፍ በ1996 እ.ኤ.አ. የተጀመረው መንጋ በ2002 በዚሁ የዕጢ እብጠት አልቆ መቅረቱን የሙያ ጓደኞቼ ያውቃሉ። በማርቢያ ቤት ዝንቦቹ የሚመገቡት ሞቆ ከሲሊኮን ሽፋን ሥር ከተዘረጋ ደም ነው፤ የታመመችው ምራቋን ትታበት ስትነሳ በተራው የሚቀመጠው ኬጅ ያንኑ ይመጥጣል። ለእያንዳንዱ ኬጅ አዲስ ደም ማቅረብ ይጠቅማል። መጥቀሙን የምናይበት አንዱ መንገድ ደግሞ ያበጠ ዕጢ መቁጠር ነው።

ፒሲአርን አልጠላም። ሎይድና ጆንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1924 እ.ኤ.አ. ባስተማሩት መንገድ፣ ዝንቧ ለከብት የምታስተላልፈው ገንዲ የተባለው በሽታ አምጪ ተውሳክ በአፍ፣ በአንጀት ወይም በምራቅ ዕጢ መገኘቱን አይቶ ዝርያውን መገመት አሮጌ ሥራ ነው። ሁለት ዝርያ አንድ ዝንብ ላይ ሲደራረብ ያሳስታል፤ እዚያ ላይ ለፒሲአር እጄን እሰጣለሁ። ዕጢ ላይ ግን ንቅንቅ አልልም።

ዝንብ ማርቢያችን ያለው ቃሊቲ ነው፤ ቃሊቲ እሠራለሁ ስል ሰው ወህኒ ቤቱን ነው የሚያስበው። አንዲት ጎረቤቴ «ሰው ዝንብ ይገድላል፣ እናንተ ደም ታጠጣላችሁ?» አሉኝ። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ብቻ ከወንድ እንደምትገናኝ፣ በዘጠኝ በአሥር ቀን አንድ ብቻ እንደምትወልድ፣ የዱሯ ሴት ሳትወልድ እንድትቀር ወንዱን በኮባልት 60 ጨረር አምክነን እንደምንለቀው፣ የዛንዚባሯ ኡንጉጃ ደሴት በዚህ ዘዴ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከቆላ ዝንብ እንደጸዳች አስረዳኋቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ «እንግዲያ ቃሊቲ የገባው ወንዱ ነዋ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ሥራዬን በዚህ ማሳጠር ጀመርኩ።

የእናቴ ወገኖች ቆላ ወርደው ገንዲ በሬ ፈጅቶባቸው በዶማ ሲቆፍሩ አይቻለሁ። እነሱ ዘንድ በሽታው አለ መባሉ ወሬ አልነበረም፤ የሚጠይቁት በሬው ነገ ያርሳል ወይ ብለው ነበር። እኔም ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የኖርኩት ለዚህ ጥያቄ ነው። መሣሪያው «አለ» ሲለኝ «ምን አደረገ?» እላለሁ፤ ያንን ደግሞ ሳልከፍት አላውቀውም።