እንጨት የሚመስለው ድንጋይ

ከደብረ ብርሃን ወደ ላሊበላ በመኪና የምትሄዱ ከሆነ በጣርማ በር ዋሻ ማለፋችሁ አይቀርም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን የበሱት መንገድ ለማውጣት ነው፤ ድንጋዩ ገለል ከማለት ሌላ የተጠየቀው ነገር የለም። ላሊበላ ላይ ግን አለቱ ሲፈለፈል ትልቁ ነገር የቀረው ክፍል ነው።

ብዙዎቻችን ወደዚያ የምንሄደው መልሱን አስቀድመን ይዘን ነው፦ ዘጸአት 20፥4 የተቀረጸ ምስልን ይከለክላል፣ አለቀ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ከዚህ አላለፍሁም። ስለ መስገድ የሚናገረውን ቁጥር 5ን ግን ቶሎ እናልፈዋለን። 1 ነገሥት 6፥29ንም ከመድረክ ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም፤ እዚያ የቤተ መቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ኪሩቤል፣ ዘንባባና አበባ ተቀርጾበታል።

ቤተ አማኑኤልን ተመልከቱ። ከአንድ አለት የወጣ ቤት ነው፤ ግድግዳው ግን በአግድም ወጣ ገባ እያለ ይዞራል። የአክሱም ግንበኞች ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ ሲሠሩ የሚወጣው መልክ ይህ ነው። ከላሊበላ ብዙ በማይርቀው ይምርሐነ ክርስቶስ እንጨቱ እውነተኛ ነው፤ ግንቡን አስሮ ይይዛል። በቤተ አማኑኤል እንጨት የለም፤ አግዳሚ የሚመስለውም ምንም አይሸከምም። ይህን ኩረጃ የሚለው ሰው የቸኮለ ይመስለኛል። ለጠራቢው ልሙጥ ግድግዳ መተው ይቀለው ነበር። ድካሙን የመረጠው አባቶቹ የጸለዩበትን ቤት መልክ ላለመጣል ነው ብዬ አነባለሁ።

የሚከብደው ጥያቄ ከዚህ ይመጣል። ያው መልክ ከክርስትና በፊት በአክሱም ሐውልቶች ላይ ነበር፦ የማይከፈት በር፣ የማይከፈት መስኮት፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት ክብ የእንጨት ጫፎች፤ ሁሉም ለሙታን መታሰቢያ። ቤተ ክርስቲያን መልኩን ወሰደች እንጂ አልሰበረችውም። በቤተ ማርያም መስኮቶች ላይ ደግሞ ልዩ ልዩ መስቀሎች ተቀረጹ፤ ብርሃኑ የሚገባው በመስቀሉ ቅርጽ በኩል ነው። ይህን ያለ ቃል የተሰበከ ስብከት ብለው አላፍርም። ነገሩን አሳምሬ ልሸጥላችሁም አልፈልግም፤ በቤተ ጊዮርጊስ የታችኛው ረድፍ መስኮቶች እስከ ዛሬ ዝግ ናቸው፤ ከቤተ ማርያም መግቢያ በላይ በተቀረጹት ፈረሰኞች ፊትም ልቤ እንደ መስኮቶቹ አልተከፈተም። ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር ስለ ሥዕልና ስግደት ያለን ልዩነት በሥነ ሕንፃ አድናቆት የሚሸፈን አይደለም።

ግን የእኛስ ግድግዳ? የአዳራሾቻችን የጂብሰም ምሰሶዎችም ምንም አይሸከሙም። በቅርቡ አንድ የሕንፃ ኮሚቴ የአዲስ አዳራሽ ንድፍ አሳይቶኝ ነበር፤ ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። መልኩን ከየት አመጣችሁት ብዬ ብጠይቅ በኩራት የአንድ ባንክ ሕንፃ ጠቀሱልኝ።